ወደ ማድ ቤታችን መብራት ስንመልስ
(ለማንኩሳና ለአካባቢዋ ገበሬዎች የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መብራት ነው። ይኸውም ከዋናው ቤት ወጥቶ፣ ግቢያችንን አቋርጦ ወደ ማድ ቤት ስለሚሄደው ሽቦ ነው።

በእኛ በጎጃም ዙሪያ የሚፈሰው ዓባይ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በጢስ ዓባይ ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ ቆይቷል። በ2002 ዓ.ም. ጣና በለስ ሥራ ጀመረ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ኤሌክትሪክ ተራራና ሸለቆ አልፎ ከቤታችን ይገባል። ከሩቅ መጣ ብለን ግን ደከመ አንበል። ከቤታችን ሲደርስ 220 ቮልት ነው። 220 ቮልት ሰው ይገድላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ገበሬ የማድ ቤቱን የሣር ክዳን አንሥቶ ቆርቆሮ ሊያለብስ ነው እንበል። ለሥራው እንዲመቸው ወደ ማድ ቤት የሚሄደውን ሽቦ አስቆረጠ። ቆርቆሮው ተመታ፤ ሥራው አለቀ። ባለቤቱ «እንግዲህ መብራቱን መልሱልኝና እንጀራዬን በኤሌክትሪክ ምጣድ ልጋግር» አለች። እሱም «ምን ችግር አለው! ሁለቱን ሽቦ ከሁለቱ ማጋጠም ነው፤ ደግሞም አሁን መብራት ሄዷል» አለ። ናስትሮ ሲያጣ ጊዜ ፌስታል ይዞ ወደ መሰላሉ ሄደ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህ ሰው ወደ ሞት እየሄደ ነው።

ለምን ቢባል፣ መብራት ሄደ ማለት ሽቦው ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። የሄደ መብራት መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። ሰውየው ሽቦውን በእጁ እንደያዘ ሊመለስ ይችላል። አምፖሉን በማብሪያ ማጥፊያው ማጥፋትም አይበቃም። ማጥፊያው በተሳሳተው ሽቦ ላይ ተገጥሞ እንደሆነ፣ አምፖሉ ጠፍቶም ሽቦው ኃይል ይኖረዋል። ስለዚህ «ጠፍቷል» ብሎ መገመት አይገባም። ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ትንሽ ነገር መስሏችሁ እንዳትንቁት። የ60 ሻማ አምፖል የሚበራበት ኤሌክትሪክ በሰው ደረት ቢያልፍ ልብን ለማቆም ከበቂ በላይ ነው።

እንግዲህ ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው? ሽቦ የመቀጠሉን ሥራ ፈቃድ ላለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ እንተወው። የባለቤቱ ድርሻ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ አውቆ መጠየቅና መቆጣጠር ነው። ከቆጣሪው ወደ ምሰሶው ያለው መስመር ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በተለምዶ መብራት ኃይል የምንለው ማለት ነው። እሱን ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በቀር ማንም አይንካው።

አንደኛ፣ ኤሌክትሪኩ ከቆጣሪው አጠገብ ካለው ዋና ማቋረጫ ይጥፋ። ብዙ ሰው ብሬከር የሚለው ነው። ሲጠፋ ልጅ ወይም እንግዳ ሳያውቅ መልሶ ሊያበራው ይችላል። ስለዚህ በወረቀት ላይ በትልቁ «አትንኩ! ሰው እየሠራ ነው» ብላችሁ ጻፉና ለጥፉበት። ፊደል መቁጠራችን ለደብዳቤ ብቻ አይደለም። ይህች አንዲት መስመር ጽሑፍ ነፍስ ታድናለች። ማንበብ የማይችል ሰው በቤቱ ካለ ደግሞ አንድ ሰው ማቋረጫው ዘንድ ቆሞ ይጠብቅ።

ሁለተኛ፣ ሠራተኛው ሽቦውን በመፈተሻ፣ በቴስተር ይፈትሽ። ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ይሞከር። ከዚያ ሽቦው ይፈተሽ። በመጨረሻም እንደገና በሌላ ቤት ወይም በሌላ መስመር ኃይል ባለው ሶኬት ይሞከር። ሦስቱም ሳይደረጉ ማንም ሽቦውን በእጁ አይንካ።

ሦስተኛ፣ አሮጌው ሽቦ ይታይ። ፀሐይ የሰነጠቀው፣ አይጥ የበላው፣ የማድ ቤት ጭስና ሙቀት ያደረቀው ሽቦ አይመለስም፤ ይጣል። ሽቦ ከሽቦ ጠምዝዞ በፌስታል መጠቅለል ክልክል ነው። መጋጠሚያው በብሎን በሚጠብቅ ማያያዣ ይታሰርና ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ ይግባ። ሽቦውን በቆርቆሮው ላይ አታስተኙት፤ በአጥርና በባሕር ዛፍም አትሰሩት። ነፋስ ሲወዘውዘው ልባሱ ይላጣል። የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮ ሲነካ ጣራው በሙሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። በረት አጠገብም አይለፍ። የከብት የፊትና የኋላ እግር ይራራቃል፤ እርጥብ መሬት ላይ ኤሌክትሪክ ሲያመልጥ ከብት ከሰው ቀድሞ ይመታል።

አራተኛ፣ የሽቦው ውፍረት ለሥራው ይመጥን። በምጣዳችሁ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 3,500 ዋት ይላል እንበል። 3,500ን ለ220 ስናካፍል 16 ገደማ እናገኛለን። ምጣዱ 16 አምፔር ይስባል ማለት ነው። 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ለአምፖል ነው፤ ለምጣድ ይቀጥናል። ቀጭን ሽቦ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይግላል፤ ልባሱ ይቀልጣል፤ ቤት ይቃጠላል። ለምጣዱ 4 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የራሱ ሽቦና የራሱ የ20 አምፔር ማቋረጫ ይኑረው። ማቋረጫው እየደጋገመ ቢጠፋ «በትልቅ እንቀይረው» አትበሉ። እሱ የሚነግራችሁ ችግር አለ። በፊውዝ ፋንታ ሽቦ ወይም ምስማር ማስገባትም ዘበኛውን አስሮ ሌባ እንደ መጥራት ነው።

አምስተኛ፣ ምድር ይታሰር። የብረት ምጣድ ወይም ማንኛውም ብረት ያለው ዕቃ ሲበላሽ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ይወጣል። የሚሄድበት መንገድ ካላገኘ ባዶ እግሯን እርጥብ መሬት ላይ በቆመችው እናት በኩል ያልፋል። ስለዚህ ሽቦው ባለ ሁለት ሳይሆን ባለ ሦስት ይሁን። ሦስተኛው፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው፣ እርጥበት ባለው መሬት ውስጥ በጥልቅ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር ይያያዝ። የ20 አምፔር ማቋረጫ ሽቦን ይጠብቃል እንጂ ሰውን አይጠብቅም። ሰው የሚሞተው ከዚያ በጣም ባነሰ ኤሌክትሪክ ነው። ለሰው የሚሆነው በ30 ሚሊአምፔር ማምለጥ ወዲያው የሚያቋርጠው መሣሪያ ነው። ዋጋ አለው፤ ከሰው ሕይወት ግን አይበልጥም። ሠራተኛውን ስለ እሱ ጠይቁት።

ስድስተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ምጣዱም አምፖሉም ሳይሰካ ማቋረጫው ይብራ። ቢጠፋ ጥፋት አለ፤ እንደገና ይታይ። ካልጠፋ አምፖሉ ይሞከር፤ ከዚያ ምጣዱ ይሰካ። የመጀመሪያውን እንጀራ ስትጋግሩ ሶኬቱንና ሽቦውን ተመልከቱ። የፕላስቲክ ሽታ ቢመጣ ወይም ሶኬቱ ቢግል ወዲያው አጥፉ።

ሰው ኤሌክትሪክ ቢይዘው በእጃችሁ አትንኩት፤ እናንተንም ይይዛችኋል። መጀመሪያ ማቋረጫውን አጥፉ። ማጥፋት ካልተቻለ፣ በደረቅ መሬት ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ሽቦውን ከሰውየው አርቁ። ሽቦው ከምሰሶው የወደቀ ከሆነ ግን ራቁ፤ መብራት ኃይልን ጥሩ። የተያዘው ሰው መተንፈስ ካቆመ ሥልጠና ያለው ሰው ትንፋሹንና ደረቱን ያግዝ፤ ሌላው በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ማድረሻ ይፈልግ። አስፈንጥሮ የለቀቀው ሰው ደኅና ቢመስልም ይመርመር።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ሽቦውን ቸኩሎ የሚቀጥል ሰው ግማሽ ቀን ያተርፍ ይሆናል። ጠንቅቆ የሚያሠራ ግን ልጆቹንና ባለቤቱን ያተርፋል። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከቆጣሪው እስከ ማድ ቤቱ ያለውን መስመር ሳትነኩ በዓይናችሁ ብቻ ተከተሉት። የተላጠ፣ የተንጠለጠለ ወይም በፌስታል የተጠቀለለ ሽቦ ካያችሁ፣ ማቋረጫውን አጥፉና ሠራተኛ ጥሩ። ይህን ጽሑፍም ማንበብ ለማይችለው ጎረቤታችሁ አንብቡለት።