ከኦፕራሲዮን በኋላ ያለው ሌሊት
(የጤና ኮሚቴው በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ «ኦፕራሲዮኑ ተሳክቷል ተብሎ ተደስተን ሳናበቃ ሰው በማግስቱ የሚሞትብን ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ቀርቦልን ነበር። የምናውቀውን ይዘን ቀርበናል።

ብዙዎቻችን የምንፈራው ማደንዘዣውን ነው። «ተኝቶ ሳይነቃ ቢቀርስ?» እንላለን። ፍርሃቱ ከንቱ ነው አንልም፤ የሠለጠነ ባለሙያና የሚሠራ መሣሪያ ባለበት ግን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ትልቁ አደጋ ያለው ሌላ ጋ ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት በ25 የአፍሪካ አገሮች፣ በ247 ሆስፒታሎች፣ ኦፕራሲዮን የተደረጉ ከ11,000 በላይ ሰዎችን ተከታትሏል። ሕመምተኞቹ ከሌላው ዓለም ሕመምተኞች በዕድሜ ያነሱ፣ ጤናቸውም የተሻለ ነበር። የሞቱት ግን ከዓለም አማካይ እጥፍ ሆነው ተገኙ። ከመቶ ሟቾች 94ቱ የሞቱት በኦፕራሲዮኑ ቀን ሳይሆን በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕመምተኛው ወጥቶ ተራ ዋርድ ገብቷል፤ ሌሊት ነው፤ አንዲት ነርስ ለብዙ አልጋ ናት። ውስጥ ለውስጥ ይደማል፣ ወይም ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ትንፋሹ ይፈጥናል። የሚያይለት የለም። እ.ኤ.አ. በ2025 በወጣ ሌላ ጥናት፣ በ22 የአፍሪካ አገሮች ሆስፒታል ከተኙት ከስምንቱ አንዱ በጽኑ የታመመ ነበር። ከእነዚህም ከመቶ 69ኙ የተገኙት በተራ ዋርድ ነው እንጂ በጽኑ ሕሙማን ክፍል አይደለም። ከአምስቱ አንዱ በሳምንት ውስጥ ሞቷል። የጎደላቸው እኮ ብርቅ መሣሪያ አይደለም! ኦክስጅን፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ራሱን የሳተውን በጎኑ ማስተኛት ነው።

ነርሷን «ቶሎ ቶሎ እያየሽ» ማለትም ብቻውን አልበቃም። በ28 የአፍሪካ አገሮች ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ፣ ሞቱ አልቀነሰም። በእኛ አስተያየት፣ ሰው ሳይጨመር ሥራ ቢጨመር ከዚህ የተለየ አይጠበቅም። ስለዚህ ነርሷን መውቀስ ይቅር።

የአስታማሚ ነገር ግን የእኛው ነው። የሕመምተኛው ትንፋሽ ከፈጠነ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ ፋሻው በደም ከራሰ፣ መቃዠት ከጀመረ፣ ሽንቱ ከቀረ ወዲያው ጥሩ። ካልመጡ ደግማችሁ ጥሩ። እዚህ ላይ ይሉኝታ ሰው ይገድላል።

ከኦፕራሲዮን በፊት «አትብላ» ሲባልም ጨዋታ አይደለም። ሆዱ ሳይጎድል የተኛ ሰው ያስመለሰው ወደ ሳንባው ይገባል። በፌስታል ደብቃችሁ እንጀራ የምታስገቡ እናቶች፣ ርኅራኄያችሁ ይገባናል፤ ግን ተዉት። የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባሕሉንም ጭምር፣ ለማደንዘዣ ሰጪው ንገሩ። የጥፍር ቀለም ይልቀቅ፤ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ እንዳይሳሳት ነው።

ሌላው ደም ነው። የምትደማ ወላድ ደም እስኪፈለግላት አትቆይም፤ አስቀድሞ በባንክ መገኘት አለበት። ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መስጠት ይችላል።

እድራችን ለቀብር ድንኳን በአንድ ሰዓት ይተክላል። ለታመመው ግን ሌሊት የሚያድር ተረኛ መድቦ አያውቅም። ይህን ለማስጀመር የተረኞች መዝገብ ከፍተናል፤ ለማደርም፣ ደም ለመስጠትም የምትፈልጉ በማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ እየቀረባችሁ ተመዝገቡ።