ልጃችሁ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ያስፈልገዋል ሲባል

አቅራቢ፦ አሜሪካ ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች፣ «ልጃችሁ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ያስፈልገዋል» ተብላችሁ ደንግጣችሁ ይሆናል።

የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያዋ የምታየው ልጁ የዕለት ተዕለት ነገሮችን እንዴት እንደሚያከናውን ነው። የሸሚዙን ቁልፍ ይቆልፋል? እርሳስ ይጨብጣል? ብሌንደር ሲጮህ ጆሮውን ይዞ ያለቅሳል? ሕክምናው ከውጭ ለሚያየው ጨዋታ ይመስላል፤ ሊጥ መጭመቅ፣ ዶቃ መሰካት፣ ዥዋዥዌ። ሊጡ ግን የጣት ጡንቻ ያጠነክራል፤ ዶቃው ዓይንና እጅን ያቀናጃል። እንጀራ ቆርሶ መጠቅለልም ጥሩ የጣት ልምምድ ነው። ታዲያ ልጁ ቤት ውስጥ በእጁ እንደሚበላ ለባለሙያዋ ንገሯት፤ አለበለዚያ ማንኪያ አያያዙን አይታ የተሳሳተ ግምት ልትወስድ ትችላለች።

ልጁ ከ3 ዓመት በታች ከሆነ የሚመለከተው «ኧርሊ ኢንተርቬንሽን» የሚባለው የቅድመ ድጋፍ ፕሮግራም ነው። ወላጅ ራሱ ደውሎ ማመልከት ይችላል፤ የሐኪም ወረቀት ግዴታ አይደለም። ግምገማው በነጻ ነው። በፌዴራል ደንቡ መሠረት ግምገማውና የመጀመሪያው የቤተሰብ ዕቅድ ስብሰባ ከማመልከቻው በኋላ በ45 ቀናት ውስጥ መካሄድ አለባቸው። ከ3 ዓመት በኋላ ጉዳዩ ወደ ትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ያልፋል፤ እዚያ የግምገማ ጥያቄያችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፣ ቅጂውንም ያዙ።

«ወንድ ልጅ ይዘገያል፤ ተዉት» የሚል ዘመድ አይጠፋም። እኔ ይህን ምክር አልቀበለውም፤ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተመልሰው አይገኙም።

በዕቅድ ስብሰባው ላይ የአማርኛ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ። እባካችሁ ታላቅ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ አስተርጓሚ እንዲመደብላችሁ ቀድማችሁ ጠይቁ።