በወገኖቹ ፊት

ስለ ጃፓናዊው ቦክሰኛ ስለ ዮኮ ጉሺኬን ትንሽ ላጫውታችሁ። የተወለደው ከቶኪዮ እጅግ ርቃ በምትገኘው በኦኪናዋ፣ ኢሺጋኪ በምትባል ደሴት ነው። ያን ጊዜ ኦኪናዋን የሚያስተዳድሯት አሜሪካኖች ነበሩ፤ ወደ ጃፓን የተመለሰችው በ1972 ነው።

ይጋጠምበት የነበረው ክብደት 49 ኪሎ አይሞላም ነበር። እዚህ ከተቀመጣችሁት ጎረምሶች ብዙዎቻችሁ ትበልጡታላችሁ! ግን በ1976፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ በዘጠነኛው ግጥሚያ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ቀበቶውን 13 ጊዜ አላስነካም።

በ1981 ቀበቶውን ለ14ኛ ጊዜ ሊያስጠብቅ ኦኪናዋ ገባ። ተጋጣሚው ሜክሲኮአዊው ፔድሮ ፍሎሬስ ነበር። በ12ኛው ዙር የራሱ ሰዎች ፎጣ ወረወሩለት። በሙያው የተሸነፈው ያን ቀን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያም አልተጋጠመም።

«ምነው እዚያ ባልሄደ» የሚል ይኖራል። እኔ አልልም። ልጃቸው ሲጋጠም በዓይናቸው ማየት ይገባቸው ነበር።