በስልክ ስክሪን ላይ ስለሚታይ ነጥብ



በየካ፣ መገናኛ አካባቢ ወዳሉት የስልክ ጥገና ሱቆች ስክሪኑ ላይ አልጠፋ ያለ ነጥብ ይዞ የሚሄድ ሰው፣ ስክሪኑን ለማስቀየር ገንዘብ ከማውጣቱ አስቀድሞ ጥፋቱ የስክሪኑ ወይስ የካሜራው መሆኑን ቢለይ ይበጀዋል።

1080 በ1920 የሆነ ስክሪን 2,073,600 ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱም ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍል አለው። ከሦስቱ አንዱ በርቶ ሲቀር ነጥቡ ተጣብቋል ይባላል፤ ቀለማትን በፍጥነት በማፈራረቅ አንዳንዴ ይላቀቃል። ሦስቱም ጠፍተው ጥቁር ሆኖ የቀረው ግን የሞተ ነው፤ እርሱን በጣት መጫን ጎረቤቶቹንም ሊገድል ይችላል።

ነጥቡ የሚታየው በፎቶግራፍ ላይ ብቻ ከሆነና ፎቶግራፉ ወደ ሌላ ስልክ ሲላክም አብሮ ከሄደ፣ ስክሪኑ ደኅና ነው፤ የታመመው የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚከብደው ቀና ሲሉ በሚታየው በእንጦጦ ጋራ ላይ ነው። በ3,200 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ፣ ባለ 1 ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉበት የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ አለ። በእንዲህ ያለ ሥራ አንድ ያለ ብርሃን የሚበራ ነጥብ ኮከብ መስሎ ተመራማሪውን ሊያሳስት ይችላል። ስለሆነም በሥነ ፈለክ ሙያ የካሜራው መዝጊያ ሳይከፈት፣ በእኩል የጊዜ ርዝመት የጨለማ ምስል ይነሣና ከሰማዩ ምስል ላይ ይቀነሳል። ቴሌስኮፑንም ጥቂት ፈቀቅ እያደረጉ ደጋግመው ያነሣሉ፤ ኮከቡ በምስሉ ላይ ቦታ ሲለውጥ ጉድለቱ ካለበት አይነቃነቅም።

ባለ ስልኩም ሌንሱን በወፍራም ጨርቅ ሸፍኖ ጥቂት ጊዜ ቢያነሣ፣ ጉድለቱ የካሜራው ከሆነ ብዙውን ጊዜ ያንኑ ነጥብ እዚያው ቦታው ላይ ያገኘዋል።