የታማናኮ ቃላት
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ታማናኮ በዛሬዋ ቬኔዝዌላ፣ በኦሪኖኮ ወንዝ አገር ይነገር የነበረ፣ ከካሪብ ቋንቋዎች ወገን የሚቈጠር ቋንቋ ነው። ዛሬ ተናጋሪ የለውም። ከቃላቱ ብዙውን ያቈየልን ኢጣሊያዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ፊሊፖ ሳልቫቶሬ ጂሊ ነው። የስፔን ንጉሥ በ1767 እ.ኤ.አ. ማኅበሩን ከግዛቱ ሲያባርር ጂሊም ወጣ፤ ከ1780 እስከ 1784 በሮም አራት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ።

ቃል መልቀም ብቻውን ትልቅ ነገር አይደለም። ጂሊ ግን ጆሮ ነበረው። አንዱን ጎድጓዳ ሳህን ካሪቦች «ሳሬራ»፣ ፓሬካዎች «ሻሬራ»፣ ታማናኮዎች «ቻሬራ» እንደሚሉት ጻፈ። ካሪቦች «ሰ» በሚሉበት ታማናኮዎች «ቸ» ይላሉ፤ ይኸውም በአጋጣሚ ሳይሆን በሥርዐት ነው። በዚህ መንገድ ቋንቋዎቹን ከአንድ እናት የተወለዱ አላቸው። ዊልያም ጆንስ ስለ ሳንስክሪት፣ ስለ ግሪክና ስለ ላቲን ዝምድና የተናገረው በ1786 ነው። የጆንስ ስም በየትምህርቱ ሲነሣ የጂሊ ስም መዘንጋቱ ፍርድ ማጓደል ይመስለኛል።

ታማናኮዎች ራሳቸውስ? ያስተማሩት እነርሱ ነበሩ። ዛሬ ያልተጻፈ ቃል ብንፈልግ ግን የምንጠይቀው ሰው የለም።