ትንሽ ውሃ፥ የብዙዎች እንጀራ



በዚህ የበዓል ቀን በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የመረጥሁት ርእስ በካርታ ላይ ከፀጉር ቀጥና ስለምትታይ ስለ አንዲት ውሃ ነው። ስሟ ባዩ ላ ባትሬ ሲሆን፥ የምትገኘው በአሜሪካ በአላባማ፥ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ባዩ ማለት እንደ ደጋ ወንዞቻችን እየተምዘገዘገ የሚወርድ ሳይሆን፥ በሜዳ ላይ ዝግ ብሎ ወደ ባሕር የሚገባ ውሃ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ጨዋማው ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሲጐድልም ይመለሳል። ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር ፍጥረት በባሕር ተፈልፍሎ፥ ገና ጥቃቅን ሳለ ወደ ረግረጉ ይገባል፤ በሣሩ ውስጥም ተሸሽጎ አድጎ ወደ ባሕር ይመለሳል። እንግዲህ ለገበሬ የዘር ጐተራው ምን እንደ ሆነ፥ ለዚያ አገር ዓሣ አጥማጅ ረግረጉ እንደዚያው ነው።

በውሃዋ ስም የምትጠራው ከተማ በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ 2,500 እንኳ አልሞላም። ኑሮአቸው ጀልባ መሥራት፥ መረብ መጣል፥ የሸርጣን ሥጋ ከቅርፊቱ ማውጣት ነው። ከ1975 በኋላ ከቬትናም፥ ከካምቦዲያና ከላኦስ የተሰደዱ ሰዎች መጡ። ቋንቋውን ባያውቁም እጃቸው ሥራ ያውቅ ነበርና፥ ትንሿ ውሃ እነርሱንም አበላች።

ነገር ግን በ2005 ካትሪና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ትልልቅ ጀልባዎችን ከውሃው አንሥቶ በየብስ ላይ ጣላቸው። ይህስ የተፈጥሮ ቍጣ ነው እንበል። በ2010 ግን በባሕር ላይ የነዳጅ ጕድጓድ ይቈፈርበት የነበረ መድረክ ፈንድቶ 11 ሠራተኞች ሞቱ፤ ዘይቱም 87 ቀን ፈሰሰ። ማጥመድ በመከልከሉ፥ ሽሪምፕ ይይዙ የነበሩ ብዙ ሰዎች በዚያው ጀልባቸው ዘይት ሲያግዱ ከረሙ። ጕድጓዱን የቈፈሩት እነርሱ አልነበሩም፤ ከደጃቸውም ሩቅ ነበር።

ጓደኞቼ ሆይ፥ ከእኛ መካከል ነገ መሐንዲስ ወይም አስተዳዳሪ የሚሆን አለ። ካርታ በፊቱ ተዘርግቶ ፈርም በተባለ ጊዜ፥ በዚያች ቀጭን መሥመር ላይ የስንት ሰው እንጀራ እንዳለ አስቀድሞ ይጠይቅ። እኔም ራሴ ይህን እንዳልረሳ በፊታችሁ ተናገርሁት።