የማሕፀን መውጣትና ደረጃዎቹ
(በቡለን ለዕድር አባላት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው እናቶች እርስ በርሳቸው እንኳ ስለማያወሩት ጉዳይ፣ ስለ ማሕፀን መውጣት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ?

ማሕፀንን ደግፈው የያዙ ጡንቻዎችና ጅማቶች አሉ። ብዙ መውለድ፣ የተራዘመ ምጥ፣ የማይለቅ ሳል፣ የሆድ ድርቀት፣ ዕድሜና ከባድ ሸክም ያላሏቸዋል። የእኛ አገር እናት ደግሞ ውሃውንና እንጨቱን በጀርባዋ፣ ወይም እንደ ጉሙዝ እናቶች በትከሻ ዘንግ ስትሸከም ትውላለች። የአራስነት ጊዜዋንም በቅጡ ሳትጨርስ ወደ ሥራዋ የምትመለስ ብዙ ናት።

ሐኪሞች ሕመሙን በደረጃ ይለዩታል። ዛሬ በብዙ አገር የሚሠራበት መለኪያ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ነው። ሴትየዋ ወደ ታች እያማጠች፣ የወረደው ክፍል ከብልት በር ያለው ርቀት በሴንቲ ሜትር ይለካል።

1ኛ ደረጃ፦ ከበሩ ወደ ውስጥ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ርቆ ሲቀር። ብዙ ጊዜ ለባለቤቷም አይታወቃት።
2ኛ ደረጃ፦ በሩ አጠገብ ሲደርስ፤ ወደ ውስጥም ሆነ ወደ ውጪ ከ1 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም።
3ኛ ደረጃ፦ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ወጥቶ፣ ነገር ግን ፈጽሞ ሳይገለበጥ ሲቀር።
4ኛ ደረጃ፦ ሙሉ በሙሉ ተገልብጦ ሲወጣ።

ሕክምናውን የሚወስነው ቁጥሩ ብቻ አይደለም፤ የእናትየዋም ስቃይ ይታያል። 1ኛ ደረጃ ሆኖ የማያስቸግራት ምንም ላያስፈልጋት ይችላል። ለቀላሉ፣ ሽንት እንደሚቋጥር ሰው ጡንቻን ጨብጦ መልቀቅን በየቀኑ መለማመድ ይረዳል። ፔሳሪ የሚባል ደጋፊ ቀለበትም አለ። ለከበደው ቀዶ ሕክምና ይደረጋል። የወጣው ክፍል ከቆሰለና ከደማ፣ ወይም ሽንት እምቢ ካለ ግን ለነገ አይባልም፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

ይህ ሕመም ከፌስቱላ የተለየ ነው። ሆኖም በ1974 እ.ኤ.አ. ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በአዲስ አበባ ያቋቋሙት የፌስቱላ ሆስፒታል የማሕፀን መውጣትንም ያክማል።

ወገኖቼ፣ ዕድራችን ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፣ ቃሬዛ ያነሣል። በሕይወት ያለችውን እናት ለማሳከም የመሳፈሪያ ገንዘብ ቢያበድር ምን ይጎድለዋል? በሚቀጥለው ስብሰባ እንድንወያይበት አሳስባለሁ። እናንተም ባሎች፣ ሚስቶቻችሁን ጠይቋቸው፤ ሸክሙንም ተቀበሏቸው።